ወንድሜን የላከው ደላላ፦ የተባልነው፣ የከፈልነው፣ ያገኘነው

ደቡብ ወሎ፣ ሐርቡ ላይ ልጅ ወደ ሳዑዲ የሚልክ ደላላ የሚመረጠው እንደ ልብስ ሰፊ ነው። «የእንትናን ልጅ ማን ላከው? በስንት ቀን ገባ? ጎበዝ ነው?» ይባላል። እናት እናትን ትጠይቃለች፣ ጎረምሳው ለጎረምሳው ስልክ ቁጥር ያቀብላል። አንድ ያመሰገነ ሰው ከተገኘ አሥር ልጅ ይከተላል። የሚያወራው ግን ልጁ የገባለት ብቻ ነው። ያልገባለት ዝም ይላል፤ አንድም አፍሮ፣ አንድም ልጁ ገና በእነሱ እጅ ስለሆነ። ስለዚህ እኔ የማውቀውን ልጻፍ። ጥር 2016 ላይ ታናሽ ወንድሜን ለላከው ደላላ ብሩን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ደረሰኞቹም ሱቄ መሳቢያ ውስጥ አሉ። የሰውዬውን ስም አልጽፍም። ስሙን ብጽፍ ነገ በሌላ ስም ይመጣል፣ የሚሸጠው ነገር ግን ያው ነው።

በቅድሚያ እኔ ማን እንደሆንኩ እወቁ። ጅዳ አምስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። በ2001 በኤጀንሲ፣ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት፤ ደመወዜ በወር 700 ሪያል ነበር። በኋላ አሠሪዬ ደመወዝ ሲያስቀርብኝ ወጥቼ በግል ሠራሁ፤ ኅዳር 2006 ላይ ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ስታፍስ እኔም ታፍሼ ሹመይሲ እስር ቤት ታሰርኩና ተመለስኩ። በዚያ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ነው አገሩ የገባው። እኔ የመጣሁት በአንድ ሻንጣ ነው። ግን ከዚያ በፊት በላክሁት ብር እናቴ የሣር ቤቷን አፍርሳ ቆርቆሮ አልብሳለች፤ ይቺ ሱቅም የዚያው ብር ናት። ወንድሜ ያደገው በዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው። «ዓረብ አገር ምን አለ ብለህ?» ብዬ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።

እሱ ደግሞ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ 11ኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ተቋረጠ፣ እኛም ሸሸን፣ ተመለስን። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። ውጤቱ በ2016 መግቢያ ላይ ሲወጣ በአገር ደረጃ ያለፈው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከመቶ ልጅ ሦስቱ ማለት ነው። ወንድሜ ከዘጠና ሰባቱ አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የማሾ ጆንያ ሲሸከም፣ ማታ ማታ ከእኩዮቹ ጋር ስልክ ላይ አፍጥጦ ሲያመሽ ከረመ። ሳዑዲ፣ ጅዛን ፍየል የሚጠብቅ የሰፈራችን ልጅ ፎቶ ይልክላቸዋል። ፎቶው ላይ አዲስ ጫማ አለ፤ የሚተኛበት ቦታ ግን አንድም ቀን አይታይም።

ደላላው ቤታችን ድረስ መጣ። ንጹሕ ለባሽ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው። እናቴ ቡና አፈላችለት፤ አቦሉን ጠጥቶ፣ በረካው እስኪደርስ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተቀብሎ ሄደ። ያለንን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ጠቅላላ ዋጋው 70 ሺህ ብር፤ 20 ሺው ሲነሣ፣ 50 ሺው «ሳዑዲ ገብቶ፣ ሠርቶ የሚከፍለው»። እስከ ባሕሩ በመኪና። ባሕሩን በትልቅ ጀልባ፣ በሁለት ሰዓት። ምግብና ውሃ በእሱ። ጅዛን ላይ የሚቀበለው ሰው አለ፣ ሥራውም የፍየል ጥበቃ፣ በወር 1,500 ሪያል። «አብሽሪ እኅቴ፣ እኔ የምልከው እንደ ወንድሜ ነው» አለኝ። ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ የየትኛው መንደር ሰው እንደሆነ በዓረብኛ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ ዝም አለ፤ አንዲት ቃል ዓረብኛ አያውቅም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፣ 20 ሺውን ቆጥሬ ሰጠሁት።

መኪናው እስከ ባሕሩ አይደለም። ከሐርቡ ማታ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በገርባ አድርጎ ባቲ፣ ከባቲ ቆላውን ወርዶ ሚሌ፣ ከሚሌ ሎጊያ። እስከዚያ በመኪና ነው። ይህን መንገድ እኛም እናውቀዋለን፤ ባቲ ሰኞ ገበያ ወንድሜ ከእናቴ ጋር ስንት ጊዜ ወርዷል። ልጆቹ የማይፈሩት ለዚህ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ቀን የሚያልፉበት ሁሉ የሚያውቁት አገር ነው፤ ሲነጋ ነው የማያውቁት ምድር ላይ ራሳቸውን የሚያገኙት።

ሎጊያ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ወንድሜ ነው፤ ከጎኑ ሰው አለ። «እታለም፣ 12 ሺህ ጨምሪ ይሉሻል፣ ያልከፈለ አያልፍም።» የሂሳብ ቁጥር ላኩልኝ፣ አስገባሁ። የዚያን ደረሰኝ ነገር አትርሱብኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሎጊያ ወዲያ በእግር ነው። ቀን ግራር ሥር ተደብቆ መተኛት፣ ሌሊት መሄድ፤ ስድስት ሌሊት ሄዱ። ውሃው ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ የነዳጅ ስለነበር ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ወንድሜ ዛሬም ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሲያልፍ አፉን ይይዛል። ምግቡ ብስኩትና ጥቂት ቴምር። ጅቡቲ ከገቡ በኋላ ያለፉት በአሳል ሐይቅ በኩል ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ዳሩ በጨው የነጣ፣ ጥላ የሌለው ምድር ነው። «ጥር ስለሆነ ነው የተረፍነው» ይላል። በሰኔና በሐምሌ የሚነዱትን ልጆች አስቡ። ከእኛው ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ አካባቢ የመጣ አንድ ልጅ እግሩ አብጦ መቆም አቃተው። መሪው ግማሽ ጠርሙስ ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ «ከኋላ የሚመጡት ያነሡሃል» አለው። ከኋላ የሚመጣ ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀም። ወንድሜ ሌሊት ሲባንን የሚጠራው የዚያን ልጅ ስም ነው።

በጅቡቲዋ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ አሥር ቀን ሜዳ ላይ ተኙ፤ ለጀልባው ሌላ 25 ሺህ ተጠየቅሁ። በጠቅላላው 57 ሺህ ሆነ ማለት ነው፤ ልጁ ገና ባሕሩን አልተሻገረም። እዚያ ከየመን ሸሽተው የተመለሱ አበሾች ነበሩ። አንዱ፣ የእኛ አገር ሰው፣ ወንድሜን እጁን ይዞ «ተመለስ፣ እኔ እየው» ብሎታል። ለምን አልተመለስክም ብዬ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ያንን ሁሉ ብር አስወጥቼሽ እንዴት ብዬ ፊትሽ እቆማለሁ?» ደላላው ገንዘቡን በየኬላው ከፋፍሎ የሚጠይቀው ለዚህም ጭምር ነው እላለሁ። በከፈላችሁ ቁጥር ልጁ የሚመለስበት መንገድ ይጠብበታል። እኔ እሱን ለማገዝ ብዬ የላክሁት ብር ነው ወደፊት የገፋው። ይህን ነገር ሳስበው አሁንም እንቅልፍ ይነሣኛል።

ያ የባሕር መተላለፊያ ባብ ኤል መንደብ ይባላል። ባብ በር ነው፣ መንደብ ደግሞ ለቅሶ፤ ዓረቦቹ ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት። ጠባቡ ቦታ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከኦቦክ የሚነሣው ጀልባ ግን የሚሄደው ጠባቡን መርጦ ሳይሆን ጠባቂ የሌለበትን መርጦ ነው። ትልቅ የተባለው ጀልባ ከመቶ ሰው በላይ ተጭኖበት፣ ጉልበታቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው፣ የተንቀሳቀሰ በቱቦ እየተመታ ሌሊቱን ሙሉ ሄደ። ሊነጋ ሲል የብስ ሳይደርሱ «ውረዱ!» ተባለ። ውሃው ለረጅሙ አንገቱ ድረስ ነው፣ አጭሩን ያሰጥማል። ወንድሜ ከቦርከና ወንዝ በቀር ውሃ አያውቅም። ቁመቱ አወጣው፤ አጠገቡ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሲወጡ አላያቸውም።

ባሕሩ ዳር መሣሪያ የያዙ ሰዎች በመኪና ይጠብቋቸው ነበር። የመን ውስጥ ላሕጅ በሚባለው ክፍል፣ ራስ አል-አራ አካባቢ ያለ ሐውሽ ውስጥ አስገቧቸው፤ ሐውሽ ማለት በግንብ የታጠረ ግቢ ነው። እዚያ 23 ቀን ተያዘ። ስልኩ በኢሞ ሲደወል ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ምስሉን አየሁት። በቀለጠ ፕላስቲክ ጀርባው ላይ ያደረጉትን ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሰው ይህን አንብቦ ለእናቴ እንዲነግራት አልፈልግም።

የተጠየቅሁት 250 ሺህ ብር ነው። ዓረብኛ ማወቄ የሚጠቅም መስሎኝ የደወለውን ሰው በቋንቋው ለመንኩት። «ወላሂ ማ ዒንዲ፣ የለኝም» አልኩት። ዝም አለና የት ተማርሽው አለኝ። ጅዳ አልኩት። ሳቀ። «እንግዲያ ሪያል አለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ለሦስት ቀን አልደወለም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን 180 ሺህ ላይ ተስማማን። የሁለት ዓመት እቁቤ 60 ሺህ፣ ከጅዳ በእጄ ያመጣሁት ወርቅ፣ የአባቴ በሬ 48 ሺህ። የቀረውን ከሱቄና ከዘመድ አሟላሁ። በሬው የተሸጠው ለእርሻ በሚፈለግበት ጊዜ አልነበረም፣ ዋጋውም ወድቆ ነበር፤ አባቴ ግን ገመዱን ለገዢው ሲያቀብል አንድ ቃል አልተናገረም።

ያን ጊዜ ደላላውን ስደውልለት «እኅቴ፣ የኔ ኃላፊነት እስከ ኦቦክ ነው፤ ከባሕር ወዲያ የማውቀው የለም» አለኝ። አመንኩት። ኋላ፣ ደረሰኞቹን ለፖሊስ ለመስጠት አንድ ላይ ስደረድራቸው ነው ያየሁት። ለሎጊያ ብዬ 12 ሺህ ያስገባሁበት የሂሳብ ቁጥርና የየመኑ 180 ሺህ የገባበት የሂሳብ ቁጥር አንድ ነው፤ የአንዲት ሴት ስም። እናቴ ያፈላችለትን ቡና የጠጣው ልጅና ወንድሜን በፕላስቲክ ያቃጠሉት ሰዎች ከአንድ ሂሳብ ነበር የሚካፈሉት። በእጃችሁ የተቀመጠ ደረሰኝ ካለ ቁጥሮቹን አስተያዩ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግደውንም ድንበር አሻግሮ የሚያሳልፈውንም ይቀጣል፤ እኔም ማስረጃዬን አስገብቻለሁ፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ «እየተጣራ ነው» ይባላል። ደላላው ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ፤ አሁን በሌላ ስልክ ቁጥር ይሠራል።

ከሐውሹ ከወጡት ሁለቱ ወደፊት ቀጠሉ። ከዓደን ሰንዓ፣ ከሰንዓ ሰዓዳ፣ ከዚያ ድንበሩ ጋ አል-ረቀው የሚባለው ቦታ። ከዚያ ተራራ ወዲያ ሳዑዲ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ላይ ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ገልጿል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። ይህ የወጣው ወንድሜ ከመነሣቱ አምስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ደላላው ግን አላነሣውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከሁለቱ ልጆች አንዱ እግሩን ተመትቶ ወደ ሰዓዳ ተመለሰ። ሌላው ገባ፤ አሁንም ጅዛን ፍየል ይጠብቃል፣ ብርም ይልካል። እውነቱን ልናገር ብያለሁና እሱንም እናገራለሁ፤ የገባ አለ። ሰፈሩ የሚያወራውም የእሱን ነው።

ወንድሜ ዓደን ቀረ። መኪና እያጠበ ይበላል፣ የቁስሉን መድኃኒት ይገዛል። መጋቢት አጋማሽ ላይ ወደ ጅቡቲ በጀልባ የሚመልሱ ሰዎች አግኝቻለሁ፣ 15 ሺህ ላኪልኝ አለኝ። ላክሁ። መጋቢት 30 ቀን ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለስ የነበረ ጀልባ ኦቦክ አጠገብ ተገልብጦ ቢያንስ 38 ሰው መሞቱ ተነገረ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የነበሩ ልጆች ናቸው። አራት ቀን ሙሉ ስልኩ አልሠራም። እናቴ ለጎረቤት ሳትናገር ወዳጃ፣ የዱዓ ሥርዓት፣ አስቀመጠች፤ ለሞተ ይሁን ላለ ምን ብላ እንደምትለምን ግራ ገብቷት ነበር። በአምስተኛው ቀን ደወለ። ትኩሳት ይዞት ከጉዞው ቀርቶ ነበር፤ በየትኛው ጀልባ ሊሄድ እንደነበር ራሱም አያውቅም። ከመጀመሪያው በሁለት ሳምንቱም ሌላ ጀልባ በዚያው ባሕር ላይ ሰጠመ። ሁለተኛ በባሕር እንዳትመጣ ብዬ አስማልኩት። ዓደን ላይ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (IOM) በፈቃደኝነት ለመመለስ ተመዝግቦ ስምንት ወር ጠበቀ፤ ኅዳር 2017 ላይ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባ። የተመለሰበት ጉዞ ምንም አላስከፈለንም። ቀርፋፋ ነው፣ ወረፋው ያስለቅሳል፤ ግን ልጁን በሕይወት ያስረከበን እሱ ብቻ ነው። እዚያ ልጅ ያለው ሰው ካለ መጀመሪያ ስሙን ያስመዝግብ።

70 ሺህ የተባለው 252 ሺህ ሆነ። ለዚህ ብር ወንድሜ አንድም ቀን ሳዑዲን አላየም።

«ታዲያ ምን ያድርግ?» ለምትሉኝ፣ በሕጋዊው መንገድ የሄድኩ ሰው ስለሆንኩ ልዩነቱን እነግራችኋለሁ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚያወጣው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለመሳሰለው ነው። ሥልጠና አለው፣ ውል አለው፤ አሠሪው ቢበድል የሚጠየቅ ኤጀንሲ አለ። እኔም ተበድያለሁ፣ ግን የተበደልኩት ስሜ በወረቀት ተጽፎ ነው፤ ሐውሽ ውስጥ አላደርኩም። ችግሩ በዚያ በኩል የሚመጣው ሥራ አብዛኛው የቤት ሠራተኛ፣ የሴት ነው። 12ኛ ክፍል ወድቆ ማሾ ለሚሸከም ወንድ ልጅ በሩ ጠባብ ነው፣ እኔም ሰፊ ነው ብዬ አልዋሽም። ደላላው የሚበላው ይቺን ጥበት ነው።

ወንድሜ አሁን ከእኔ ጋር ሱቅ ይውላል። የተዘጋ በር አይችልም፤ ማታ ሲተኛ በሩን ገርበብ አድርገን ነው የምናድር፣ ለጅብም ለሌባም ብለን እኔና አባቴ በፈረቃ እንነቃለን። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፤ የዱቤ ደብተሩን እሱ ነው የሚይዘው።

ባለፈው ሐሙስ የጎረቤታችን ልጅ ሞባይል ካርድ ሊገዛ መጣና ሲያንጎራጉር ቆየ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በመጨረሻ «እታለም፣ ያ ሰውዬ ጎበዝ ነው?» አለኝ። ስልክ ቁጥሩን አሳየኝ፤ አዲሱ ቁጥር ነው። «ገብተህ ትከፍላለህ ብሎኛል» አለ። ወንድሜን ጠራሁት። ምንም ሳይናገር ከዱቤ ደብተሩ ጀርባ ቅጠል ቀድዶ 20፣ 12፣ 25፣ 180፣ 15 ብሎ ከላይ ወደ ታች ጻፈለትና፣ ከየቁጥሩ አጠገብ የቦታውን ስም አደረገለት። ከ12 አጠገብ ሎጊያ። ከ180 አጠገብ ሲደርስ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሸሚዙን ወደ ላይ ገልጦ ዞረለት።

ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ካርዱን ሳይወስድ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ አልመጣም፤ እናቱ አለ ትላለች። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ከወንድሜ ጋር ቤታቸው እንሄዳለን፤ ካርዱንም፣ ደረሰኞቹንም ይዣለሁ።